የዶሮዋ ዐይን ምን እያለን ነው?

ዶሮ ገዥ ዶሮን በሩቁ አይቶ አይገዛም። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሸዋሮቢትም ይሁን ከእሷ አለፍ ብሎ እሁድ እሁድ በሚቆመው የሰንበቴ ገበያ ልማዱ አንድ ነው። ገዥው ዶሮዋን አንስቶ በእጁ ይመዝናታል፤ ደረቷን ይዳብሳል፤ ኩክኒዋን ያያል። ቀጥሎ ዐይኗን ይመለከታል። ዐይኗ ካበጠ፣ ካነባ ወይም ከተጣበቀ ድርድሩ እዚያው ያበቃል። «እቺማ ታማለች» ብሎ ወይ ጥሏት ይሄዳል፣ ወይ በግማሽ ዋጋ ይጠይቃል።

ገዥው አልተሳሳተም። ለሻጯ ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። በይፋት ቆላ፣ በቀወትም ሆነ በኤፍራታና ግድም ወረዳ፣ ዶሮ የእናቶችና የልጆች ኪስ ናት። የሽንኩርቱና የማሾው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በአባወራው እጅ ያልፋል፤ የእንቁላሉ ግን የእናት ነው። ደብተር፣ ሳሙና፣ ጨው ከዚያ ይገዛል። ስድስት ዶሮ ያላት እናት የሁለቱ ዐይን ሲጠፋባት የጓሮዋ ሲሶ ጠፋ ማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የእንስሳት ናሙና ጥናት በአገራችን 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች እንዳሉ ያሳያል። ከእነዚህ ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በየጓሮው ጭረው የሚያድሩት የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው። ኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ እንደ ሳሶ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች በየገጠሩ በብዛት እየገቡ ነው። የዶሮው ቁጥር ሲጨምርና አንድ ቤት ውስጥ ሲታጎር፣ የዐይን ሕመሙም አብሮ ይበዛል።

ታዲያ የዶሮ ዐይን ሲታመም በየቤቱ የሚደረገው ምንድን ነው? አንዱ ለልጁ የተሰጠውን የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ያወጣል። ሌላው ሎሚ ይጨምቃል። ሦስተኛው «ፈንግል ነው፣ ምንም አይደረግም» ብሎ ቢላዋ ይስላል። ሦስቱም የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። የዐይን መጥፋት ራሱን የቻለ አንድ በሽታ አይደለም፤ ብዙ በሽታዎች የሚታዩበት መስኮት ነው። ስለዚህ ዐይኗን ከመቀባታችን በፊት ዐይኗን ማየት አለብን።

ለመሆኑ ዐይን ለዶሮ ምኗ ነው? ዶሮ የምትኖረው በዐይኗ ነው ማለት ይቻላል። ውሻ ምግቡን በአፍንጫው ይፈልጋል፤ ዶሮ ግን ጥሬዋን አይታ ነው የምትለቅመው። ቀለም ለይታ ታያለች፤ እንዲያውም ሰው የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ጭምር። ሲመሽ ግን ዐይኗ ደካማ ነው፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ቆጧ የምትጣደፈው ለዚህ ነው። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል። ዐይኗ የጠፋ ዶሮ ጥሬው ፊቷ ተበትኖ ሳለ ተርባ ትሞታለች። ብዙ ጊዜ የሚገድላት በሽታው ሳይሆን ረሃቡና ጥሙ ነው።

ሌላም ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ከዶሮ ዐይን ወደ አፍንጫዋና ወደ ጉሮሮዋ የሚወስድ ቀጭን ቱቦ አለ። ከዐይኗ ሥር ደግሞ ከመተንፈሻዋ ጋር የተገናኘ ባዶ ክፍል አለ። በመሆኑም የመተንፈሻ በሽታ ሲይዛት ዐይኗ ያነባል፤ ፊቷ ያብጣል። ባለቤቷ «የዐይን በሽታ» የሚሉት አብዛኛው ነገር መነሻው አፍንጫና ሳንባ ነው።

ዶሮዋን ያዝ አድርገው ሲያዩ ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንድ ዐይኗ ነው ወይስ ሁለቱም? የታመመችው እሷ ብቻ ናት ወይስ ሌሎችም አሉ? ከዐይኑ ሌላ ምን አለ፤ ታስነጥሳለች? ያስቀምጣታል? ፊቷ ይሸታል? እከክ አላት? የእነዚህ መልስ መንገዱን ግማሽ ያደርሳል።

አንዲት ዶሮ፣ አንድ ዐይን ብቻ፣ ሌላ ምንም ምልክት ከሌለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ጉዳት ነው። አውራ ዶሮዎች ሲጣሉ የሚመታቱት ፊት ለፊት ነው። የግራር እሾህም፣ ጫጩት ያላት እናት ዶሮ ምንቃርም አለ። የዚህ መፍትሔ ቀላል ነው፤ ንጹሕ ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ ማጠብ፣ ሌሎቹ ቁስሉን እንዳይወጉት ለብቻዋ ማቆየት። አንድ ዐይኗ ቢጠፋም ዶሮዋ መጣሏን አትተውም፤ ለቀሪው ዐይኗ ትለምዳለች።

ቆላ ላይ ግን ከጉዳት በፊት መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። የዐይኗን ቆብ ዙሪያና ኩክኒዋን ልብ ብለው ይዩ። እንደ ተልባ ፍሬ ያሉ ጥቋቁር ነጥቦች ተሰግስገው ካዩ ቆሻሻ አይደለም፤ ቁንጫ ነው። ይህ የዶሮ ቁንጫ እንደ ሌላው ቁንጫ አይዘልም። እንስቷ ጭንቅላቷን ቆዳ ውስጥ ቀብራ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት እዚያው ተጣብቃ ደም ትመጣለች። በአገራችን በተለያዩ አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች በጓሮ ዶሮዎች ላይ ደጋግመው ያገኙት ተባይ ነው። ሞቃትና ደረቅ አሸዋማ አፈር ስለሚስማማው ይፋትን የመሰለ ቆላ ቤቱ ነው።

ቁንጫው ዐይን ቆብ ላይ ሲበዛ ቆቡ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ይዘጋል። ዶሮዋ ስታክ ደግሞ ዐይኗን ራሷ ትጎዳለች። ጫጩት ከሆነች በደም ማነስ ትሞታለች። ብዙ ሰው ቁንጫውን በጥፍሩ ነቅሎ ይጥላል፤ ቆዳው ይቀደድና ቁስሉ ያመረቅዛል። የሚሻለው ቫዝሊን መቀባት ነው፤ ቁንጫው መተንፈሻ አጥቶ ይሞታል። ቅባቱ ወደ ዐይኗ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ይጠንቀቁ።

ይሁንና ዶሮዋን ብቻ ማከም ጎርፍን በሰፌድ እንደ መመለስ ነው። ዶሮዋ ላይ ያለው ቁንጫ የሚጥለው እንቁላል መሬት ላይ ይወድቃል፤ እጩ የሚያድገውም በማደሪያዋ አፈርና ጉዝጓዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዝጓዙን ጠርጎ ማቃጠል፣ ወለሉን መጥረግ፣ ቆጡን ፀሐይ ማስመታት፣ ዶሮዎቹ የሚንደባለሉበት አመድ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር ማዘጋጀት ግድ ነው። ውሻና ድመትም ያው ቁንጫ ይዟቸው ይሆናልና ይታዩ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የሮቢን ወንዝ ተከትሎ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚለማበት አካባቢ ፀረ ተባይ ኬሚካል ከየቤቱ አይጠፋም። «ለሽንኩርት ትል የሆነ ለቁንጫ አያንስም» ብሎ ዶሮ ላይ መርጨት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ዐይኗን ያቃጥላል፤ ዶሮዋን ይገድላል፤ በእንቁላሉና በሥጋው በኩልም ወደ ልጆች አፍ ይደርሳል። ለዶሮ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠየቃል።

ከቁንጫው ቀጥሎ ቤቱን ራሱን መመርመር ነው። የዶሮ ኩስ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሞኒያ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ሸዋሮቢትን በመሰለ ሙቀት፣ በቆርቆሮ በተዘጋ ጠባብ ቤት ውስጥ 30 እና 40 ዶሮ ሲታጎር ጋዙ ወለሉ ላይ፣ ልክ በዶሮዎቹ ዐይን ከፍታ ይከማቻል። ዐይናቸው ይቀላል፤ ያነባሉ፤ ብርሃን ይጠላሉ፤ ጥግ ይዘው ዐይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ካልታረመ የዐይናቸው ፊተኛ ክፍል ይደፈርስና ይቆስላል። ምልክቱ አንዲት ዶሮ ላይ ሳይሆን በቤቱ ያደሩት ሁሉ ላይ፣ በሁለቱም ዐይን ይታያል።

መለኪያው ገንዘብ አይጠይቅም። ጠዋት በሩን እንደከፈቱ ቁጢጥ ብለው በዶሮዎቹ ቁመት ልክ ይተንፍሱ። የእርስዎን ዐይን ከቆጠቆጠ የእነሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥል አድሯል። ቆይተው ከገቡ አፍንጫ ስለሚለምደው ያታልላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እንደገቡ ነው መፈተሽ ያለበት። መድኃኒቱም ቅባት ሳይሆን አየር ነው። ግድግዳው ከላይ ክፍት ይሁን፤ ውኃ መጠጫው የሚያፈስ ከሆነ ይቀየር፤ የረጠበ ሰጋቱራና ገለባ ይውጣ። ዶሮዎቹ ከምድጃው አጠገብ የሚያድሩ ከሆነ ጭሱም ያው ጉዳት አለው።

ሦስተኛው የቤት ውስጥ ምክንያት መኖ ነው። ሰው ቫይታሚን ኤ ሲያንሰው ዳፍንት እንደሚይዘው ሁሉ ዶሮም ትጎዳለች። ዐይኗ መጀመሪያ ያነባል፤ ከዚያ ቆቦቹ ይጣበቃሉ፤ ገለጥ ሲያደርጉት እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ተከማችቶ ያያሉ። አፏን ከፈት ቢያደርጉ ደግሞ ላንቃዋና ጉሮሮዋ ላይ ነጫጭ ትናንሽ ፍንጣሪዎች ይታያሉ። ጉንፋን የመሰለ ነገር ቢኖርም እንደ ተላላፊው አይሸትም፤ በፍጥነትም አይዛመትም።

ይህ ለምን ይፋት ላይ ያጋጥማል? የቆላው ዋና እህል ማሽላ ነው። ነጭ ማሽላ ሆድ ይሞላል፤ አካል ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ግን የለውም ማለት ይቻላል። ፉርሽካውም እንደዚያው። በክረምትና በመኸር ዶሮዋ ሣርና ቅጠል ስለምትለቅም ጉድለቱን ትሞላለች፤ ትርፉንም ጉበቷ ውስጥ ታስቀምጣለች። በጋው ሲረዝምና በልጉ ሲዘገይ መሬቱ ይነጣል፤ ያ ስንቅ በወራት ውስጥ ያልቃል። ተዘግተው ለሚያድሩት ሳሶዎች ደግሞ አረንጓዴ ነገር ሳይቀርብላቸው ክረምትም በጋም አንድ ነው።

መፍትሔው ጓሮ ውስጥ አለ። የሽፈራው ቅጠል፣ አልፋልፋ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቢጫ በቆሎ፤ ከእነዚህ የተገኘውን በየቀኑ መስጠት ነው። የመስኖ ማሳ ያለው ሰው ሲያርም የሚጥለው አረም፣ ኬሚካል ያልተረጨበት እስከሆነ ድረስ፣ ለዶሮ ሲሳይ ነው። በጊዜ ከተደረሰ ዐይኗ ይድናል፤ ዐይኑ ራሱ ከበሰበሰ በኋላ ግን ቅጠልም መርፌም አይመልሰውም።

እስከዚህ ያየናቸው ከቤታችን የሚነሱ ናቸው። ከውጭ የሚመጡትን ደግሞ እንይ።

የክረምቱ ዝናብ አቁሞ ውኃ ባቆረበት ወቅት፣ ሰዉ ለወባ ሲሰጋ፣ ዶሮም የራሷ የትንኝ ጣጣ አላት። የዶሮ ፈንጣጣን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ከሚያሸጋግሩት አንዷ ትንኝ ናት። ኩክኒው፣ የዐይን ቆቡና የአፉ ዳር መጀመሪያ ነጣ ያለ እብጠት፣ ከዚያ ጥቁር እከክ ያወጣል። እከኩ ዐይኗን ሲደፍነው «ታወረች» ይባላል። ብዙውን ጊዜ ግን ከእከኩ ሥር ያለው ዐይን ደህና ነው። እከኩ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ደርቆ ይረግፋል፤ ዶሮዋም ታያለች። እስከዚያ በሕይወት የሚያቆያት ባለቤቷ ናት፤ ምንቃሯን ውኃ እያስነኩ፣ ጥሬ እያጎረሱ። እከኩን መላጥ ግን ቁስሉን ያባብሳል፤ የረገፈው እከክም በሽታውን ያስተላልፋልና ተለቅሞ ይቃጠል። ያረጀና ለሰው የማያገለግል አጎበር ካለ በዶሮው ቤት መስኮት ላይ ቢወጠር ትንኟን ይከለክላል። ክንፍ ላይ የሚወጋ ክትባትም አለ።

ፊቷ በአንድ ጎን ወይም በሁለቱም እንደ ኳስ አብጦ፣ ከአፍንጫዋ የሚወርደው ንፍጥ የሚከረፋ ከሆነ ተላላፊ የዶሮ ጉንፋን ይጠረጠራል። በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጓሮውን ያዳርሳል። ከዐይኗ ጥግ እንደ ሳሙና አረፋ የሚወጣ፣ ሌሊት ሌሊት የሚያንኮራፋት ከሆነ ደግሞ ማይኮፕላዝማ የሚባለው ሥር የሰደደ የመተንፈሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ባለሙያ የሚያዘው አንቲባዮቲክ አለ፤ ነገር ግን የዳነችው ዶሮ በሽታውን ይዛ ልትቆይ ትችላለች። ማይኮፕላዝማ በእንቁላል ውስጥ ወደ ጫጩቱም ያልፋል። ስለዚህ ዐይኗ አረፋ ያወጣ የነበረችን ዶሮ እንቁላል ማስታቀፍ አይገባም። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላልም ባለሙያው የነገረው የጊዜ ገደብ ሳያልፍ ለሰው አይቀርብም።

አንዳንዴ ዐይኗ አይቀላም፣ አያብጥም፣ አያነባም፤ ግን ቀስ በቀስ ቀለሙ ወደ ግራጫ ይለወጣል። ብሌኗ ክብነቱን አጥቶ ይጨማደዳል፤ ብርሃን ሲያዩባትም አይጠብም። ይህ የማሬክ በሽታ ምልክት ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 በሽታውን ከገለጸው ሀንጋሪያዊ የእንስሳት ሐኪም ዮዜፍ ማሬክ ነው። አንዱን እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ሽባ የምትሆን ቄብ ካለች ጥርጣሬው ይጠነክራል። መድኃኒት የለውም። ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩቷ በተፈለፈለች ዕለት፣ እዚያው መፈልፈያው ውስጥ ነው። ስለዚህ 45 ቀን የሞላቸውን ዶሮዎች የሚገዛ ሰው «ማሬክ ተከትበዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

የመጨረሻው ሁላችንም በስሙ የምናውቀው ፈንግል ነው። በሳይንሱ ስም ኒውካስል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ በሽታው በታየባት የእንግሊዝ ከተማ የተጠራ ነው። ፈንግል የዐይን በሽታ አይደለም። ይሁን እንጂ የዐይን ማበጥና መቅላት፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማቃሰትና የአንገት መጠምዘዝ አብረው ሲመጡ፣ ዶሮዎችም በተከታታይ ሲሞቱ፣ ጊዜ የለም፤ በዚያው ዕለት ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ነው። ሰውም የታመመች ዶሮ ነክቶ ዐይኑን ቢያሽ ዐይኑ ሊቀላበት ይችላል፤ እጅ መታጠብ አይረሳ።

እንግዲህ ቅባቱን የት እናድርሰው? ቅባት ዐይኑ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ለመግደል ሊያግዝ ይችላል። ቁንጫን አይነቅልም፤ አሞኒያን አያስወጣም፤ ቫይታሚን አይተካም፤ ቫይረስንም አይገድልም። የልጅ ቅባት ደግሞ ለልጅ ይቀመጥ። ሎሚ፣ በርበሬ፣ አረቄ ዐይን ውስጥ መጨመር የተረፈውንም ዐይን ያጠፋል።

ዐይኗ ጨርሶ የጠፋ ዶሮም ወዲያው ለቢላዋ አትታሰብ። በሽታዋ ተላላፊ ካልሆነ ለብቻዋ ጠባብ ቦታ ይሰጣት። ውኃውና መኖው ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ከፍ ባለ ዕቃ ተሞልቶ ይቀመጥ። በሁለት በሦስት ቀን ትለምደዋለች። የሚገርመው፣ ዶሮ የቀን ብርሃንን የምትለየው በዐይኗ ብቻ አይደለም፤ አንጎሏ ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ ሕዋሳት አሉ። ስለዚህ ዕውር ዶሮም በልታ ከጠገበች እንቁላል ትጥላለች።

በሽታዋ ተላላፊ ከሆነ ግን የሚከብደው ነገር ይመጣል፤ ገበያ አለመውሰድ። ዐይኗ ያበጠችን ዶሮ «ሳትሞትብኝ ልሽጣት» ማለት ለኪስ ጥቂት ብር ነው፤ ለገዥው ጓሮ ግን እሳት ነው። ለዘመን መለወጫ፣ ለገናና ለፋሲካ ዶሮ ከየገጠሩ ተሰብስቦ በሚጓዝበት ሰሞን አንዲት በሽተኛ ዶሮ ብዙ ቅርጫት ትበክላለች። በተቃራኒው ከገበያ የመጣች አዲስ ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። የሞተችው ትቀበር ወይም ትቃጠል እንጂ ለውሻ አትጣል።

ዐይን የበሽታ ምልክት ማሳያ ብቻ ሳይሆን የመከላከያም በር ነው። ብዙ ሰው ዶሮ የሚከተበው በመርፌ ብቻ ይመስለዋል። የፈንግል ክትባት ግን በጠብታ ዐይኗ ውስጥ ይሰጣል። አንድ ጠብታ፣ አንድ ዐይን፤ ዶሮዋ ዐይኗን እርግብ እስክታደርግ ያዝ አድርጎ መልቀቅ። ጠብታው በዚያች ቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል፤ ከዐይኗ ጀርባ ያለው እጢም መከላከያ ማዘጋጀት ይጀምራል። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአገራችን የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ሙቀት የሚቋቋም የፈንግል ክትባት ያመርታል፤ ማቀዝቀዣ ለማይገኝበት ቆላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፀሐይ ላይ ግን አይተው። ጥበቃው ስለሚቀንስ በየሦስትና አራት ወሩ ይደገማል። የታመመችን አያድንም፤ ስለዚህ ፈንግል ከሚበረታበት ከበልጉና ከክረምቱ መግቢያ ቀደም ብሎ ነው መስጠቱ።

ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው። ለስድስት ዶሮ ብሎ አንድ ብልቃጥ የሚከፍት የለም፤ ከተከፈተ ደግሞ ውሎ አያድርም። ታዲያ ይፋት ለዚህ መላ አያጣም። ማሽላ በደቦ የሚያጭድ ሰፈር ዶሮውንስ በደቦ ማስከተብ ምን ይገደዋል? አሥር ቤት ተነጋግሮ፣ ዶሮዎቹ ገና ከቆጥ ሳይወርዱ በማለዳ፣ ባለሙያውን ጠርቶ አንድ ብልቃጥ መጨረስ ይቻላል። በዚያች ማለዳ እያንዳንዷ ዶሮ ስትያዝ ዐይኗን ገልጦ ማየትም አብሮ ያልቃል፤ ቁንጫ አለ? እከክ አለ? አረፋ አለ? ብሌኗ ክብ ነው? አንድ ጠብታ ለማንጠብ የሚወስደው ጊዜ ለዚህ ሁሉ ይበቃል።